ከእማማ ጉልበት የሚጀምር እቅድ፦ ሦስት ትውልድ ይዞ ወደ ዩናን

ደቡብ ምዕራብ ቻይናን ከአያት እስከ የልጅ ልጅ ተጠራርቶ ለማየት ያሰበ ቤተሰብ ካርታ ከመዘርጋቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠያየቅ። ደረጃ የሚከብደው ማነው? የግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስድ አለ? ቀን ካልተኛ ማታ የሚያስቸግር ሕፃን አለ? የምትሄዱበትን ቦታ፣ የምታድሩበትን ሆቴልና የምትሳፈሩበትን መኪና መምረጥ ያለበት የነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው። እቅዱ ከጎልማሶቹ ምኞት ከጀመረ በአራተኛው ቀን እማማ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ ልረፍ» ማለት ይጀምራሉ። ያኔ ጉዞው የቤተሰብ መሆኑ ቀረ ማለት ነው።

ለዚህ ዓይነት ጉዞ የዩናን ክፍለ ሀገር ይመቻል። ዋና ዋናዎቹ ከተሞች በአንድ የባቡር መስመር ላይ ናቸው፤ ከኩንሚንግ ዳሊ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ከዳሊ ሊጂያንግ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ለ12 ሌሊት የምመክረው አከፋፈል፦ ሁለት ሌሊት ኩንሚንግ፣ አምስት ዳሊ፣ ሦስት ሊጂያንግ፣ በመጨረሻ ተመልሶ ሁለት ኩንሚንግ። ዳሊን በሁለት ሌሊት የሚያልፉ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው፤ ከአረጋውያን ጋር ግን አይሆንም። ስምንት ሰው ሆቴል ሲቀይር ቀኑ አለቀ በሉ። ሻንጣ ማሰር፣ ሂሳብ መዝጋት፣ ጣቢያ መድረስ፣ ፍተሻ፣ እንደገና ክፍል መጠበቅ አለ። ስለዚህ የከተማውን ቁጥር ቀንሳችሁ የሌሊቱን ቁጥር ጨምሩ።

ከፍታው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኩንሚንግ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዳሊ 2,000፣ ሊጂያንግ 2,400። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከዚያ የሚነሱ አያቶች እስከ ሊጂያንግ ድረስ የለመዱትን አየር ነው የሚተነፍሱት። የሚቸገረው ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከቨርጂኒያ የሚመጣው ወጣት ነው። ኑሮው በባሕር ጠለል አካባቢ ስለሆነ ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹና እንቅልፍ ማጣቱ የሚጀምሩት ለሽማግሌዎቹ ይሆናል ብለን ስንጠብቅ በእሱ ላይ ነው። ከሁለት አህጉር መጥታችሁ ኩንሚንግ ላይ የምትገናኙ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከሐይቅ ዳር ሽርሽር ሌላ ምንም አታድርጉባቸው። ሕፃን ደግሞ ራሱን እንዳመመው መናገር አይችልም፤ ምግብ እምቢ ካለና ያለ ወትሮው ከተነጫነጨ ከፍታውን ጠርጥሩ። መፍትሔውም መውረድ ነው።

ሊጂያንግ ስትደርሱ ሁሉም ሰው የዩሎንግን የበረዶ ተራራ ያሳያችኋል። ጫፉ 5,596 ሜትር ነው። ትልቁ ኬብል ካር ሰውን ወደ 4,506 ሜትር አድርሶ ያወርዳል፤ ከሊጂያንግ ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ቀን ውስጥ ከ2,000 ሜትር በላይ መውጣት ነው። በር ላይ የሚሸጠው የኦክስጅን ቆርቆሮ ለጥቂት ደቂቃ ያግዛል እንጂ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ዋስትና አይሆንም። ተራራው ላይ ሌላ አነስ ያለ ኬብል ካር አለ፤ ወደ ዩንሻንፒንግ የጥድ ጫካ፣ ወደ 3,200 ሜትር ገደማ ይወስዳል። እዚያ የእንጨት መረማመጃ ተዘርግቷል፣ በረዶውም ፊት ለፊት ይታያል። ከአያቶች ጋር ምርጫው ይሄኛው ነው። ጎረምሶቹ ትልቁን ከፈለጉ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈል፤ ነገር ግን ትልቁ ቶሎ ስለሚያልቅ ቲኬቱን ቀድማችሁ ያዙ። 3,200 ሜትር ላይ የምታሳድረው ሻንግሪላ ከኅዳር 2016 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ጀምሮ ባቡር ገብቶላታል፤ መንገዱ ስለቀለለ ብቻ ግን አትጨምሯት። ትንንሽ ልጆችና አረጋውያን ካሉ እኔ አወጣታለሁ።

ዳሊ ላይ አምስት ሌሊት ያልኩበት ምክንያት ሜዳ ስለሆነች ነው። በአንድ በኩል የጻንግሻን ተራራ፣ በሌላ በኩል የኤርሃይ ሐይቅ፣ መሃሉ እርሻና መንደር ነው። በሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ መኪና የማይገባበት የእግርና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል፤ ደረጃ ስለሌለው ተሽከርካሪ ወንበርም የሕፃን ጋሪም ይሄድበታል። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ከሎንግካን መንደር አጠገብ አንድ ሰዓት መራመድ ለአያት በቂ ቀን ነው። ልጆቹ ደግሞ ባለ አራት ጎማ ብስክሌት ይከራዩ። ሺዦው የሚባለው የባይ ብሔረሰብ መንደር ከአሮጌው ከተማ በስተሰሜን ነው። እዚያ ባባ የሚሉትን ቂጣ ሲጋግሩ ቆማችሁ እዩ፤ መጥበሻው ከሥር ፍም አለው፣ ከላይም ፍም የተሞላ ክዳን በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ይወርድበታል፣ ሊጡ ከሁለቱም ወገን እኩል ይነፋል። በምጣድና በአክንባሎ ላደጉ እናቶች ከየትኛውም ቤተ መቅደስ ይልቅ ይህ ይይዛቸዋል። ጣፋጩ በጽጌረዳ ማርማላታ ይሞላል፣ ጨዋማው በሥጋ። ሁለቱም ግን ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ስለሚቀባቸው ሳትጠይቁ አታዙ።

ምግብ ላይ ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ይህ ስብ ነው። የአሳማ ሥጋ የማይበላ ቤተሰብ ሥጋውን ያስወግዳል፣ ስቡ ግን አትክልቱ ውስጥ፣ መረቁ ደግሞ የሩዝ ፓስታው ውስጥ ይገኛል። በአፍ መናገር በድምፅ አወጣጥ ስህተት ስለሚሳሳት «የአሳማ ሥጋ፣ የአሳማ ስብ፣ የሥጋ መረቅ አንበላም» የሚለውን በቻይንኛ አስጽፋችሁ ስልክ ላይ ያዙ። ዩናን ውስጥ ብዙ የሁዊ ሙስሊሞች ስላሉ ቺንግዠን የሚል ምልክት ያላቸው ሃላል ምግብ ቤቶች በየከተማው አሉ፤ የበሬ ሥጋቸው ጥሩ ነው፣ አሳማም በፍጹም አይገባም። ለሙስሊም ቤተሰብ የሚያስማማ ገበታ ነው። ጾም ላይ ከሆናችሁ ቶፉ፣ ባቄላ፣ እንጉዳይና ቅጠላ ቅጠል እንደልብ ነው፤ መረቁን ብቻ አስቀሩ።

ሁለት አደጋ ደግሞ ልብ በሉ። አንደኛው «ድልድይ ተሻጋሪ» የሚባለው የኩንሚንግ የሩዝ ፓስታ ነው። በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን የሚቀርበው መረቅ ላይ የዶሮ ስብ ስለሚንሳፈፍ እንፋሎት አይወጣውም፤ የቀዘቀዘ ይመስላል፣ ነገር ግን ጥሬ ሥጋ የሚያበስል ትኩሳት አለው። ሳህኑን ከልጅ እጅ አርቁ፤ ለልጁ በትንሽ ሳህን ቀንሱለት። ሁለተኛው የክረምቱ የዱር እንጉዳይ ነው። ጂያንሾውቺንግ የሚባለው ሲቆረጥ ወደ ሰማያዊ የሚለወጥ ዓይነት በደንብ ካልበሰለ ያስቃዣል፣ ሆድም ያማል። ጥሩ ምግብ ቤቶች ድስቱ አጠገብ ሰዓት አስቀምጠው 20 ደቂቃ ያህል ሳይሞላ ማንኪያም ቾፕስቲክም አይሰጡም። ለሕፃንና ለሽማግሌ ግን ጭራሽ ይቅር፤ በማሳ የሚበቅለው እንጉዳይ ይበቃል።

ሆቴል ስትይዙ ስለ ውበቱ ከመጠየቅ በፊት ስለ አሳንሰሩ ጠይቁ። በአሮጌዎቹ ከተሞች ያሉት ግቢ ያላቸው የእንጨት ቤቶች ሁለትና ሦስት ፎቅ ሆነው አሳንሰር የላቸውም፤ ስለዚህ ለአያቶች ምድር ቤት ክፍል በጽሑፍ አስይዙ። ሽንት ቤቱ መቀመጫ ያለው እንጂ ቁጢጥ የሚባልበት አለመሆኑን፣ መታጠቢያው ወለል እንደማያንሸራትት፣ ክፍሉ ማሞቂያ እንዳለው ፎቶ አስልኩ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሊጂያንግ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይወርዳል፣ በብዙ ቤቶችም ያለው የኤሌክትሪክ አንሶላ ብቻ ነው። ሌላው ጥያቄ መኪና እስከ በሩ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። የሊጂያንግ አሮጌ ከተማ መኪና አይገባባትም፤ ድንጋይ ንጣፏ ለዘመናት ተረግጦ ስለለሰለሰ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሻንጣ እየጎተቱ እናት ደግፎ በዚያ ላይ መሄድ ከባድ ነው። በአቅራቢያዋ ባሉት ሹኸ ወይም ባይሻ መንደሮች ብታድሩ ሜዳ ናቸው፣ ሰውም ይቀንስባቸዋል። አነስተኛ ማረፊያዎች የውጭ አገር ፓስፖርት መመዝገብ ላይ ይቸገራሉና ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

መኪና ላይ የሚደጋገመው ስህተት ቁጥሩ ነው። ባለ 7 መቀመጫ ሲባል ሹፌሩ ተቆጥሮ ነው፤ ለእናንተ የሚቀረው ስድስት ነው። ስድስቱም ከሞሉ ከኋላ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ እንኳ በግድ ነው የሚገባው። ስምንት ሰው ከሆናችሁ ለጣቢያና ለኤርፖርት ሁለት መኪና፣ ለቀን ሽርሽር ደግሞ አንድ ሚኒባስ ከነሹፌሩ ያዙ። የኢትዮጵያም ሆነ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ቻይና ውስጥ ስለማያሠራ ራሳችሁ መንዳትን አታስቡ። ለሽርሽርም በሚኒባሱ ፈንታ ሁለት መኪና ብትይዙ አንድ ጥቅም አለው፤ የደከመው ቀደም ብሎ ይመለሳል፣ ሌላው ይቀጥላል።

ባቡሩ ቀላል ነው፣ ዝርዝሩን ካወቃችሁ። ቲኬቱ ከጉዞው 15 ቀን በፊት ይከፈታል፤ ስሙ በፓስፖርቱ ላይ ባለው ቅደም ተከተል ካልተጻፈ በሩ አያሳልፍም፣ የአባትና የአያት ስም ማቀያየር የእኛ ሰዎች ዋና ችግር ነው። ወረቀት የለም፤ ፓስፖርቱ ራሱ ቲኬት ነው። የውጭ ፓስፖርት አውቶማቲክ በሩ ላይ ብዙ ጊዜ ስለማይሠራ ሠራተኛ ወዳለበት መስመር ሂዱ። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር በነፃ ይሄዳል፣ ግን መቀመጫ የለውም፤ ከ6 እስከ 14 በቅናሽ ነው። ሁለተኛ ማዕረግ በአንድ ረድፍ አምስት ወንበር፣ አንደኛ ማዕረግ አራት አለው፤ ለአያቶች አንደኛውን ግዙ። ኩንሚንግ መሃል ከተማ ያለው ጣቢያና ኩንሚንግ ደቡብ የሚባለው የተለያዩና በጣም የተራራቁ ናቸው፤ የትኛው እንደተጻፈ ሁለት ጊዜ አንብቡ። የዳሊ ጣቢያም ያለው ሺያጓን በሚባለው አዲሱ ከተማ እንጂ አሮጌው ከተማ አይደለም፣ ግማሽ ሰዓት በመኪና ይርቃል። ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፦ 14:30 ማለት ለእማማ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ልዩነት 5 ሰዓት ስለሆነ የመድኃኒት ሰዓትም አብሮ ይስተካከል።

መቼ? ዝናቡ ከሰኔ እስከ ጥቅምት መግቢያ እንደኛ ክረምት ነው፤ የልጆቻችን የእረፍት ጊዜ ከዚያ ጋር ይገጥማል፣ የቻይና ተማሪዎችም ያኔ ነው የሚወጡት። መስቀል አልፎ በአራተኛው ቀን፣ ከኦክቶበር 1 እስከ 7፣ አገሩ ሁሉ መንገድ ላይ ነው፤ ክፍልም ባቡርም አይገኝም። የቻይና አዲስ ዓመትም በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ ስለሚውል በየዓመቱ ቀኑን ፈትሹ። ትምህርት ቤት ማስፈቀድ ከተቻለ ከጥቅምት 15 እስከ ኅዳር 14 ያለው ወር ምርጡ ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ የነቢያት ጾም አልገባም፣ ሕዝቡም ቀንሷል።

አዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ቼንግዱ ወይም ወደ ጓንግዦው በቀጥታ ይበረራል፣ ከዚያ ወደ ኩንሚንግ አጭር የአገር ውስጥ በረራ አለ። ቼንግዱ ሁለት ኤርፖርት ስላላት ቀጣዩ በረራ ከዚያው መነሳቱን አረጋግጡ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ግድ ነው፤ ቤተሰቡ የተለያየ ፓስፖርት ከያዘ እያንዳንዱ በራሱ ሕግ ይታያል። ሥጋ ነክና ወተት ነክ ነገር ስለማይገባ ቋንጣና ቅቤ ቤት ይቅር፣ ጫት ደግሞ እዚያ በዕፅነት የተከለከለ ነው። መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከነሐኪም ማዘዣው በእጅ ሻንጣ ይሁን። ለስልክ የምትይዙት ፓወር ባንክ 3ሲ የሚባለው የቻይና የደህንነት ማረጋገጫ ምልክት ከሌለው የአገር ውስጥ አውሮፕላን ላይ ይወሰድባችኋል።

ገንዘብ የሚከፈለው በስልክ ነው። አሊፔይ ወይም ዊቻት ላይ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ከአገር ሳትወጡ አስገቡ፤ ከ200 ዩዋን በላይ ለሆነ ክፍያ 3 በመቶ ይታሰባል። መክፈያው ቢያንስ ሁለት ሰው ስልክ ላይ ይኑር፣ ጥቂት ጥሬ ዩዋንም ለአያት ኪስ። ዋትሳፕ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በአገሩ ኔትወርክ ስለማይከፈቱ ከውጭ የተገዛ ሮሚንግ ሲም ያስፈልጋል። የሆቴሉን አድራሻ በቻይንኛ የያዘ ካርድ እያንዳንዱ ሰው፣ ሕፃኑም ጭምር፣ ኪሱ ውስጥ ይያዝ። አምቡላንስ 120፣ ፖሊስ 110። ሆስፒታል ቀድሞ ማስከፈል ስለተለመደ የጉዞ መድኅን ያለው ካርድ ቅርብ ይሁን።

የመጨረሻዎቹን ሁለት የኩንሚንግ ሌሊቶች አትቁረጧቸው። ከቤተሰቡ አንዱ ቢታመም ወይም ባቡር ቢያመልጥ የሚካካስበት ቀን ያ ነው። ሁሉም ደህና ከሆነ ሺሊን የድንጋይ ጫካ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎረምሶቹ በጠባቡ ደረጃ ሲገቡ አያቶች በኤሌክትሪክ ጋሪ ዙሪያውን ይጎበኛሉ። መሄድ ካልተፈለገም ጹይሁ የሚባለው የመሃል ከተማ ሐይቅ አለ። ከኅዳር ጀምሮ ከሳይቤሪያ የሚመጡ ነጫጭ የውሃ ወፎች ይሞሉታል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የወፍ ምግብ ገዝቶ መወርወር የአራት ዓመቱንም የሰማንያ ዓመቷንም እኩል ያስቀምጣል።