የእናቴ የቀን ማዕከል እና በምዘናው ቀን የሠራሁት ስህተት

እናቴ በመንግሥት ወጪ በሚተዳደር የአረጋውያን የቀን እንክብካቤ መዋል ከጀመረች አንድ ዓመት ሊሞላት ነው። የምንኖረው በሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙ በማይርቅ ከተማ ነው። ወላጆቻቸውን ከአገር ቤት ያመጡ ወዳጆቼ ቤተ ክርስቲያን በተገናኘን ቁጥር «ለመሆኑ ይጠቅማል ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሴ በጣም ይጠቅማል የሚል ነው። ነገር ግን ወደዚያ ለመድረስ አምስት ወር ፈጅቶብናል፤ በመሀሉም የእናቴ የእጅ አንጓ ተሰብሯል። አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር ብዬ ስለማምን ነው የምጽፈው።

እናቴ 79 ዓመቷ ነው። ስኳርና የደም ግፊት አለባት፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ መርሳት ጀምራለች። እኔ ሌሊት ሆስፒታል ስለምሠራ ቀን እተኛለሁ። እሷ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የመኪና ማቆሚያውን ስታይ ትውላለች። አንድ ቀን ቡና ስትቆላ ምጣዱን እሳት ላይ ረስታው ሄዳ ኖሮ፣ በጭስ ማስጠንቀቂያው ጩኸት ነቃሁ። እሷ ሳሎን ቁጭ ብላ ዳዊቷን እየደገመች ነበር። ሌላ መፍትሔ መፈለግ የጀመርኩት ያን ዕለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ቀላል ነበሩ። ብዙ ሰው ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) የሚከፍል ይመስለዋል፤ መደበኛው ሜዲኬር ግን የቀን ማዕከልን ወጪ አይሸፍንም፤ የሚከፍለው ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት ጤና መድን) ነው። እናቴ ዜግነቷን ካገኘች በኋላ ሜዲኬይዱ ስለነበራት በዚያ በኩል አልተቸገርንም። ሐኪሟ ቅጹን ሞላላት፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አደረገች፣ ማመልከቻው ገባ። የቀረው ምዘናው ብቻ ነበር። በሜሪላንድ በሜዲኬይድ ወደሚከፈልበት የሕክምና ቀን ማዕከል ለመግባት አመልካቹ የነርሲንግ ሆም (አረጋውያንና ሕሙማን ሌት ተቀን የሚኖሩበት ተቋም) ደረጃ እንክብካቤ የሚያስፈልገው መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ይህም ማለት ገላ መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ ከመቀመጫ መነሳት፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም የመሳሰሉት አንድ በአንድ ይጠየቃሉ፤ የማስታወስ ችሎታም ይመዘናል።

መዛኟ ነርስ የመጣችው ማክሰኞ ጥቅምት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። እናቴ እንግዳ እንደሚመጣ ስለነገርኳት ከንጋት ጀምራ ስትዘጋጅ አደረች ማለት ይቻላል። የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን በሻሽ አስራ፣ ረከቦቱ እንዲቀርብ አዝዛ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ያለበስኳት እኔ ነበርኩ፤ ቁልፎቹን የቆለፍኩትም፣ ጫማዋን ያጠለቅኩትም እኔ ነኝ። ነርሷ ግን ያየችው የተዋበችና ቀጥ ብላ የተቀመጠች እመቤት ነው።

ገና በሩን እንዳለፈች «እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው፤ አስተርጓሚ አያስፈልገንም አይደል?» አለችኝ። ምንም ሳላስብ አያስፈልግም አልኳት። ከስህተቶቼ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና አገልግሎት ቋንቋውን ለማይችል ሰው ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት፣ የቤተሰብ አባልንም እንዲያስተረጉም መጠየቅ እንደሌለበት ያወቅኩት በኋላ ነው። ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ ሆኖ፣ ይህን በየዕለቱ ለሌሎች ሕሙማን ሲደረግ እያየሁ፣ ለገዛ እናቴ መጠየቁ አለመታወሱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«ገላዎን ራስዎ ይታጠባሉ?» «በእመቤቴ፣ አዎን። ምን ሆኜ!» «ምግብ ራስዎ ያዘጋጃሉ?» «ድሮስ ማን ያዘጋጅልኛል?» «መጸዳጃ ቤት ለመድረስ ይቸገራሉ?» እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆንኩም» አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጀርባዋን የማጥብላት፣ ሌሊት አንሶላዋን የምቀይርላት ልጅ ደግሞ ፊቷ ተቀምጬ እያንዳንዱን «አዎን» በገዛ አፌ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ። በእንግዳ ፊት «እናቴ ሽንቷን አትቆጣጠርም» ብሎ መናገር እንደምን ይቻላል? እሷ ስድስት ልጆች ያሳደገችና ደጇን ለሰው ሳትዘጋ የኖረች ሴት ናት። ጤናዋን የጠየቃትን ሰው በችግሯ ማስጨነቅ ነውር ነው ተብላ ያደገች ስለሆነች እየዋሸች እንደነበረ እንኳ አይሰማትም። ለእሷ ጥያቄው ሰላምታ ነበር።

ከዚያ የማስታወስ ጥያቄዎቹ መጡ። ነርሷ ዓመተ ምሕረቱን ስትጠይቃት እናቴ «2008» አለች። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከእነሱ በሰባትና በስምንት ዓመት እንደሚለይ ለነርሷ ቀደም ብዬ ነግሬያት ስለነበር፣ ቀና ብላ አየችኝና መልሱ ልክ መሆኑን ጠየቀችኝ። በእኛም አቆጣጠር ዓመቱ 2016 ነበር። እናቴ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዳ ነበር፤ አባቴ በሕይወት ወደነበረበት ዓመት። እኔ ግን «በእኛ አቆጣጠር ነው» አልኳት። ነርሷም ራሷን ነቅንቃ ጻፈች። ያልኩት ነገር ለጆሮ እውነት ይመስላል፤ በልቤ ግን ለእናቴ ክብር ብዬ የሰጠሁት የሐሰት ምስክርነት መሆኑን እዚያው ተቀምጬ አውቀዋለሁ።

ነርሷም ብትሆን ከተጠያቂነት አትድንም። ጠቅላላ ምዘናው 40 ደቂቃ አልሞላም። እናቴ ከወንበር ስትነሳ የወንበሩን ክንድ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ መነሳቷን አይታለች፤ ሆኖም ራሷን ችላ ትነሳለች ብላ ነው የጻፈችው። መታጠቢያ ቤቱን አላየችም። የመድኃኒት ሣጥኑን ከፍታ ብታይ የማክሰኞው ክኒን ሲኖር የሰኞውም እንዳለ ታገኘው ነበር። ዕድሜ ልኩን ሰውን የመዘነ ባለሙያ እንዲህ ባለ ጥድፊያ የአንዲት አሮጊትን ዕጣ መወሰን የለበትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አራት ገጽ ደብዳቤ መጣ። የሚያስፈልጋት የእንክብካቤ ደረጃ ለፕሮግራሙ ከተቀመጠው መስፈርት በታች ነው ይላል። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ በ90 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደሚቻል በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል። ቢሮው ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ ይግባኙ ጊዜ የሚፈጅ ስለሆነ ጤናዋ ሲለወጥ ከስድስት ወር በኋላ እንደ አዲስ ባመለክት እንደሚሻል ነገረችኝ። አመንኳት። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ሰው የሚለውን እንደ ሕግ የመቀበል ልማድ ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁት ነው፤ በጣም ጎድቶኛል።

ከገና በኋላ ባለው ሳምንት እናቴ መታጠቢያ ቤት ወደቀች። እኔ ተኝቼ ነበር። የግራ አንጓዋ ተሰብሮ ወለሉ ላይ ምን ያህል እንደቆየች ዛሬም አላውቅም፤ ስትጠየቅ «አሁን ነው» ነው የምትለው። የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ የእምቢታውን ደብዳቤ አንብባ ስትጨርስ ቀኖቹን ቆጠረች፤ 71ኛው ቀን ላይ ነበርን። በዚያው ሳምንት የይግባኝ ጥያቄውን በአደራ ፖስታ ላክሁ፤ ጎን ለጎን በአዲስ የሐኪም ማስረጃ ዳግም ምዘና ጠየቅሁ። ስለዚህ ምክሬ ቢሮው ከሚለው ጋር ይቃረናል፦ ይግባኙን ወዲያውኑ አስገቡ፤ አዲስ ማመልከቻውም አብሮ ይሂድ። አንዱ ሌላውን አያግደውም፤ የይግባኙ ቀነ ገደብ ካለፈ ግን አይመለስም።

ሁለተኛው ምዘና ላይ ያደረግኩት እነሆ። ለ14 ቀን ማስታወሻ ያዝኩ፤ ስንት ጊዜ ደግፌ እንዳነሳኋት፣ ስንት ሌሊት ልብስ እንደቀየርኩላት፣ የትኛው ክኒን እንደተረሳ በቀንና በሰዓት ጻፍኩ። ማስታወሻውን ከምዘናው በፊት ላክሁት፤ በእናቴ ፊት መነበብ እንደሌለበትም አሳሰብሁ። የስልክ አስተርጓሚ እንዲመደብ በጽሑፍ ጠየቅሁ። እናቴንም እንደ ሌላው ቀን በሌሊት ልብሷና በነጠላዋ ተውኳት፤ ይህን ማድረግ ልቤን ሰብሮታል። ያን ዕለት የመጣችው ነርስ ሌላ ነበረች፤ ጥያቄዎቹን በአማርኛ ስትሰማ እናቴ አሁንም «ደኅና ነኝ» አለች፣ ነርሷ ግን «እስቲ መታጠቢያ ቤቱን ያሳዩኝ» ብላ አብራት ሄደች። በመጋቢት ፈቃዱ ደረሰን፤ የይግባኙም ጉዳይ እዚያው ቆመ።

ማዕከሉን በተመለከተ የምላችሁ አስቀድማችሁ ሳትናገሩ በምሳ ሰዓት ሄዳችሁ ተመልከቱ ነው። በቀጠሮ የሚታየው ሁሉ የተሰናዳ ነው። እኔ የመረጥኩት ሐበሾች የሚበዙበትን ሳይሆን ነርሷ ሰዎቹን በስማቸው የምትጠራበትን ነው። እናቴ የጀመረችው በዐቢይ ጾም ስለነበር የመጀመሪያው ጭንቅ ምግብ ሆነ። ማዕከሉ የምግቡን ወጪ ከፌዴራሉ የሕፃናትና አዋቂዎች የምግብ ፕሮግራም ስለሚያስመልስ በምሳው ላይ ወተት ማቅረብ አለበት። ወተቱን አልፈልግም ማለት እንደሚቻል፣ ባቄላና ምስርም በሥጋ ፈንታ እንደሚቆጠሩ ያወቅሁት ሳምንት ሙሉ እናቴ በዳቦና በፖም ከዋለች በኋላ ነው። የጾም ወራትንና ረቡዕ ዓርብን በጽሑፍ ስጧቸው።

የቫኑም ነገር መታሰብ አለበት። እናቴ መጀመሪያ የምትጫን ስለሆነች መንገዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅባታል፤ ጠዋት የሚያሸና ክኒን ውጣ ነበር የምትሳፈረው። ሁለት ቀን ረጥባ ደረሰች፤ በሦስተኛው አልሄድም አለች። አሁን ክኒኑን የምትሰጣት የማዕከሉ ነርስ ናት፤ ከደረሰች በኋላ። አምስት ቀን እንድትውል መክረውን ነበር፤ እኔ በሁለት ቀን ጀምሬ ወደ ሦስት ከፍ አደረግኩት፤ በዚህ አልተሳሳትኩም።

ከሁሉ የከበደኝ የራሷ ቃል ነበር። «መቄዶንያ ያሉት ጧሪ የሌላቸው ናቸው፤ እኔ ወልጃለሁ» አለችኝ። ቀን ውላ ማታ ቤቷ እንደምትመለስ ብነግራትም አላመነችኝም፤ ያመነችው አንድ ወር ሙሉ ማታ ማታ ስትመለስ ነው።

ይጠቅማል የምለው መርሳቷ ስለቀነሰ አይደለም፤ አልቀነሰም። ነገር ግን ሰኔ ላይ ስኳሯ ወርዶ ሳለ ያወቀው ማዕከሉ ነው፤ ቤት ብትሆን ኖሮ እኔ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። ከአንዲት ኤልሳልቫዶራዊት ሴት ጋር አንድም የጋራ ቃል ሳይኖራቸው ዶሚኖ ይጫወታሉ፤ ስሟን ትረሳለች፣ መልኳን ግን በሩቅ ትለያለች። እኔም ሦስት ቀን እንቅልፌን ተኝቼ እነሳለሁ፤ ሳልቆጣት የማናግራት ልጅ ሆኛለሁ። መንግሥት ለዚህ የሚያወጣው ገንዘብ ባከነ የሚሉ ሰዎች እናቴ ነርሲንግ ሆም ብትገባ ያው ሜዲኬይድ እጅግ የበለጠ እንደሚከፍል ቢያስቡት ደስ ይለኛል።

ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም በወላጆቻችሁ ስም ያለ ከሆነ ግን ሳትፈርሙ ጠበቃ አማክሩ። በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት የአሜሪካ ክልሎች (ስቴቶች) ሰውየው 55 ዓመት ከሞላው በኋላ ለእንዲህ ያለ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ የከፈሉትን ከሟች ንብረት እንዲያስመልሱ ይገደዳሉ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እናቴ ንብረት ስለሌላት አልነካንም።

ምዘናው በየዓመቱ ይደገማል። የሚቀጥለው በሚመጣው ወር ነው፤ እናቴ እንግዳ እንደሚመጣ ሰምታ የሐበሻ ቀሚሷ እንዲታጠብ ጠይቃለች። አጥቤ ሰቅየዋለሁ፤ ትለብሰዋለች። የ14 ቀኑን ማስታወሻ ግን ትናንት ለነርሷ ልኬያለሁ፤ ዓመተ ምሕረቱን በተጠየቀች ጊዜም እኔ ሌላ ክፍል እሆናለሁ።