ከድልድዩ በታች

ባለፈው ሐሙስ ማታ የራስ መኮንንን ድልድይ ለሦስተኛ ጊዜ አፈረስኩት። በኮምፒውተሬ ላይ ማለቴ ነው፤ ፒያሳ ላደገ ሰው ማፍረስ የሚለው ቃል በእነዚህ ዓመታት የተለየ ክብደት ስላገኘ ነገሩን በቶሎ ማስረዳት ይኖርብኛል።

የምሠራው ለዱም የሚሆን ማፕ፣ ማለትም ተጫዋቹ የሚዘዋወርበት ቦታ፣ ነው። ዱም እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ በልጅነቴ የጎረቤታችን ልጅ ቤት ወረፋ ጠብቄ የተጫወትኩት ጌም ሲሆን፣ ከ1997 ጀምሮ የፕሮግራሙ ኮድ ለሕዝብ ክፍት በመሆኑ እስከ ዛሬ ድረስ አዳዲስ ማፕ የሚሠሩለት ሰዎች አልጠፉም። ጓደኞቼ ይህን ሁሉ ዘመናዊ የጌም መሥሪያ ኢንጂን ትቼ ከእሱ ጋር መታገሌ አይገባቸውም። ላፕቶፔ አርጅቷል እላቸዋለሁ፤ እውነት ነው፣ ግን ሙሉው ምክንያት እሱ አይደለም።

ማፑ የሚሠራበት ፕሮግራም፣ ኤዲተሩ፣ ሲከፈት የሚታየው የመሬት ቀያሽ ንድፍ የሚመስል ነገር ነው። ነጥቦችን በመስመር ታያይዛለህ፤ መስመሮቹ ዞረው ሲገጥሙ ሴክተር ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ሴክተር አንድ የወለል ከፍታ፣ አንድ የጣሪያ ከፍታና ከ0 እስከ 255 የሚለካ አንድ የብርሃን መጠን ይኖረዋል። ሰማይ እንኳ የሰማይ ሥዕል የተለጠፈበት ጣሪያ ነው። በር የምንለውም ጣሪያው ወለሉ ላይ የተቀመጠ ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ተጫዋቹ ሲከፍተው ጣሪያው ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ያወቅሁ ዕለት ስንት ዓመት ሙሉ በር መስሎኝ ጣሪያ ስከፍት መኖሬን አስቤ ብቻዬን ሳቅሁ።

ችግሩ የሚመጣው ድልድይ ላይ ነው። በአንድ ቦታ ላይ አንድ ወለል ብቻ ስለሚፈቀድ፣ ከላዩም ከሥሩም የሚኬድበት ድልድይ በዚህ ጌም ውስጥ ሊኖር አይችልም። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ይህን ያደረጉት ከስንፍና አይደለም። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ላይ ፈጥኖ እንዲሄድ ማፑ አስቀድሞ ተቆራርጦ በዛፍ መልክ ይደራጃል፤ ጌሙም የትኛው ግድግዳ እንደሚቀርብ ከዚያ ዛፍ ላይ በቅደም ተከተል ያነባል። ዛፉ የተሠራው ደግሞ ከላይ ከሚታየው ጠፍጣፋ ንድፍ ነው። ምክንያቱን ካወቅሁ በኋላ ገደቡን መውቀስ አቆምኩ።

ገደብ ፈጠራን ይወልዳል የሚለውን አባባል ግን እንዲሁ አልቀበለውም። መጀመሪያ ልሠራ ያሰብኩት ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና ነበር። በቀድሞው ዱም ተዳፋት የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ያለው አማራጭ ደረጃ መደርደር ነው፤ ተጫዋቹ በአንድ ጊዜ መውጣት የሚችለው ደግሞ በጌሙ በራሱ አለካክ እስከ 24 መለኪያ ብቻ ነው። ባለ 8 መለኪያ ደረጃ ደርድሬ አንድ ሳምንት ከለፋሁ በኋላ የአሥራ አንድ ዓመቱ የእህቴ ልጅ አየውና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ መንገድ አይደለም፣ ስታዲየም ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ከዚያ ገደብ ያተረፍኩት ነገር የለም፤ ፋይሉን አጠፋሁት።

ወደ ድልድዩ የዞርኩት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሙከራዬ ከላይ ብቻ የሚኬድበት፣ ወንዙ ግራና ቀኝ ገደል ሆኖ የሚታይበት ነበር፤ ከማንኛውም መንገድ የማይለይ ደረቅ ነገር ወጣው። በሁለተኛው ድልድዩን ሁለት ጊዜ፣ በማፑ ሁለት ዳርቻ ሠርቼ ተጫዋቹን በቅጽበት ከቦታ ቦታ በሚያሻግር ቴሌፖርተር አገናኘኋቸው፤ ነገር ግን ወደ ወንዙ የወረደ ሰው ሁሉ በአረንጓዴ ብልጭታና በጩኸት ታጅቦ ሲደርስ ተንኮሉ ወዲያው ይታወቃል። በሦስተኛው ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ተጫዋቹ የማያያቸው መስመሮች ላይ ሲረግጥ የድልድዩ ወለል፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ፣ እንደ ሊፍት እንዲወርድና እንዲወጣ አደረግሁ። የእህቴ ልጅ ግን እንደ ሌላው ሰው ቀጥ ብሎ አይሄድም። መንገዱ አጋማሽ ላይ ዞር አለና «ጋሼ! ድልድዩ እየሰመጠ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሐሙስ ማታ ያፈረስኩት ይህን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በእግሬ ወደ ድልድዩ ሄድኩ። አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ከዳር ቆሜ ለረጅም ጊዜ ወደ ታች አየሁ፤ ስልክ የወደቀበት ሰው ሳልመስል አልቀረሁም፣ አንዱ አላፊ «ምን ጠፍቶህ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለካ እዚያ ቦታ ልዩ የሆነው ነገር ብርሃኑ ነው። ፀሐይዋ በአንድ ወገን ብቻ ሰያፍ ሆና ገብታ ጥቂት ትሄድና ትቀራለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ድንጋይ ቀስ በቀስ እየጠቆረ ይሄዳል።

ቤቴ እንደተመለስኩ ላዩን ሙሉ በሙሉ ተውኩትና ተጫዋቹ ከሥር ብቻ እንዲያልፍ ወሰንኩ። የድልድዩን ሆድ ጣሪያ አድርጌ ከወለሉ 96 መለኪያ ከፍታ ላይ አስቀመጥኩት፤ የተጫዋቹ ቁመት 56 ስለሆነ አያስጎነብስም፣ ግን ይከብዳል። አንድ ሴክተር ከአንድ በላይ ብርሃን ስለማይዝ ሥሩን በስድስት ቁራጭ ከፈልኩት። ጌሙ የብርሃን ልዩነት የሚያሳየው በ16 እየዘለለ ስለሆነም 160፣ 144፣ 128፣ 112፣ 96፣ 80 እያልኩ አወረድኩት። በአራተኛው ቁራጭ ላይ መብራት ጠፋና የሁለት ሰዓት ሥራ ሳላስቀምጠው ቀረ። ይህኛው ገደብ ምን እንደሚወልድ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ትናንት እሑድ ከምሳ በኋላ የእህቴን ልጅ አስቀመጥኩት። እንደ ልማዱ እየሮጠ ወደ ወንዙ ወረደ፣ ከድልድዩ ሥር ገባ፣ ሦስተኛው ቁራጭ ላይ ሲደርስ ግን ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ።

«ጋሼ፣ ከላይ መኪና ያልፋል?»

«ያልፋል» አልኩት።

የላፕቶፑን ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠበቀ።