የዕጢ ኦርጋኖይድ ላይ መድኃኒት መሞከር፦ በስደት አገር ላብራቶሪ ሥራ ለምትጀምሩ

ባዮሎጂ፣ ፋርማሲ ወይም የሕክምና ላብራቶሪ ተምረን ከወጣነው መካከል ብዙዎቻችን በስደት አገር የምናገኘው የመጀመሪያ የሙያ ሥራ የካንሰር ምርምር ቴክኒሺያንነት ነው። ገና ስትገቡ ፕሮቶኮል ይሰጣችኋል። ፕሮቶኮሉ ምን እንደምታደርጉ ይነግራችኋል፤ ለምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አልተጻፈበትም። በዚህ ሥራ ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ደግሞ ከዚያ ካልተጻፈው ነው፤ መድኃኒቱ ሊሠራ በማይችልበት ፈሳሽ ውስጥ ተጨምሮ "ዕጢው መድኃኒቱን ተቋቁሟል" ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ "ለምን" የሚለው ላይ እናተኩራለን።

ኦርጋኖይድ ማለት ከታካሚ ዕጢ የተወሰዱ ሴሎች ጄል ውስጥ በሦስት አቅጣጫ አድገው የሚሠሩት ትንሽ ስብስብ ነው። ቶሺሮ ሳቶና ሃንስ ክሌቨርስ በ2009 ከአይጥ አንጀት በተወሰደ አንድ ግንድ ሴል መንገዱን ከፈቱ፤ በ2015 ደግሞ ከ20 የአንጀት ካንሰር ታካሚዎች የተገኘ የኦርጋኖይድ ክምችት ታተመ።

ናሙናው ከቀዶ ሕክምና ክፍል በረዶ ላይ፣ አንቲባዮቲክ ባለበት ቀዝቃዛ ሚዲየም ውስጥ ሆኖ መምጣት አለበት። የአንጀት ናሙና በባክቴሪያ የተሞላ ስለሆነ ደጋግማችሁ እጠቡት። ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር አድርጋችሁ ከትፉና በኮላጅኔዝ በ37 ዲግሪ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አቆዩት። ሰዓቱን ብቻ አትመኑ፤ በየ10 ደቂቃው ጠብታ ወስዳችሁ በማይክሮስኮፕ እዩ። የምትፈልጉት ጥቂት ሴሎች ተያይዘው የቀሩበትን ስብስብ ነው። ሁሉም ነጠላ ሴል እስኪሆን ከቆየ ብዙው ይጠፋባችኋል፤ የኤፒተልየም ሴል ከጎረቤቱ ሲነጠል ራሱን ይገድላልና። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት 10 ማይክሮሞላር ዋይ-27632 (ሮክ የተባለውን ኢንዛይም የሚገታ ውህድ) የሚጨመረውም ይህን ሞት ለመግታት ነው። ፈሳሹ እንደ ንፍጥ ከተለጠጠ ከሞቱ ሴሎች የወጣ ዲኤንኤ ነው፤ ዲኤንኤዝ ጨምሩበት።

ሴሎቹ የሚያድጉበት ጄል ማትሪጀል ይባላል፤ ከአይጥ ሳርኮማ የሚወጣ የፕሮቲን ድብልቅ ነው። በ4 ዲግሪ ፈሳሽ ነው፤ ከ10 ዲግሪ ሲያልፍ መርጋት ይጀምራል። ከፍሪዘር አውጥታችሁ ፍሪጅ ውስጥ፣ በረዶ ላይ አሳድሩት። የፒፔት ጫፎቹን ቀድማችሁ አቀዝቅዙ፤ ፕሌቱን ግን በተቃራኒው ኢንኩቤተር ውስጥ አሙቁት፤ ጠብታው እንዳረፈ እንዲረጋ እንጂ እንዳይዘረጋ። ከሴንትሪፊዩጅ በኋላ ሴሎቹ ላይ የቀረውን ፈሳሽ በደንብ ምጠጡ፤ የቀረው ፈሳሽ ጄሉን ያቀጥነውና ከቀናት በኋላ ጠብታው ተነቅሎ ይንሳፈፋል። ባለ 24 ጉድጓድ ፕሌት ላይ ከ40 እስከ 50 ማይክሮሊትር አድርጋችሁ ጠብ ካደረጋችሁ በኋላ ፕሌቱን ገልብጣችሁ ለ20 ደቂቃ ያህል ኢንኩቤተር ውስጥ አቆዩት። ሳይገለበጥ የረጋ ጄል ውስጥ ሴሎቹ ወደ ታች ሰምጠው ፕላስቲኩን ይይዛሉ፣ ተነጥፈውም ያድጋሉ፤ ያ ኦርጋኖይድ አይደለም። የማትሪጀል ባሕርይ ከሎት ሎት ስለሚለያይ ለአንድ ፕሮጀክት የሚበቃ ከአንድ ሎት አስቀምጡ፤ ቁጥሩንም መዝግቡ።

ኦርጋኖይዶቹ በፍጥነት ሲባዙ ደስ ይላል፤ ግን እየተባዛ ያለው ዕጢው ነው? ከዕጢው ጋር የመጡ ጤነኛ ሴሎች፣ በተለይ በሳንባ ናሙና፣ ዕጢውን ቀድመውት ጠብታውን ይሞሉታል። ኤፒሲ የተባለው ጂኑ የተበላሸ የአንጀት ዕጢ ሚዲየሙ ላይ የሚጨመሩት ዊንትና አር-ስፖንዲን የተባሉ የዕድገት ፕሮቲኖች ሳይኖሩም ያድጋል፤ ጤነኛው ስለማይችል እነዚህን መቀነስ ያጠራዋል። ፒ53 የተባለው መባዛትን የሚገታ ጂን የተበላሸበት ዕጢ ከሆነ ደግሞ ፒ53ን የሚያነቃው ነትሊን-3 ጤነኛውን ያስቆምላችኋል። በዓይን መለየት ግን አያስተማምንም፤ ከዋናው ዕጢ ጋር ሚውቴሽኑ ተነጻጽሮ ሳይረጋገጥ መድኃኒት አትጨምሩ።

ለመድኃኒት ሙከራው ኦርጋኖይዶቹን ሰብራችሁ በማጣሪያ ከ20 እስከ 70 ማይክሮሜትር ያሉትን ለዩ፤ ከዚያም 5 በመቶ ማትሪጀል ባለው ሚዲየም ባለ 384 ጉድጓድ ፕሌት ላይ አከፋፍሉ። እያከፋፈላችሁ ሳለ ኦርጋኖይዶቹ ወደምትቀዱበት ዕቃ ታች ይወርዳሉ። ሳታማስሉ ከቀጠላችሁ ከአምድ ወደ አምድ ብዛታቸው ይለያያል፤ በኋላ ያ ልዩነት የመድኃኒት ውጤት መስሎ ይታያል። የዳር ጉድጓዶች ስለሚተኑ ፒቢኤስ (የጨው መፍትሔ) ብቻ ሙሉባቸው። ከ24 እስከ 48 ሰዓት አሳርፏቸው፤ ከዚያ መድኃኒቱን ቢያንስ በሰባት መጠን፣ እያንዳንዱን በሦስት ድግግሞሽ ጨምሩ። መድኃኒት የሚሟሟበት ዲኤምኤስኦ በሁሉም ጉድጓድ እኩል፣ ከ0.5 በመቶም በታች ይሁን።

ትልቁ ወጥመድ ማሟሟቱ ነው። ሲስፕላቲን ዲኤምኤስኦ ውስጥ መሟሟት የለበትም፤ ዲኤምኤስኦ የፕላቲኑሙን ክሎራይድ ተክቶ መድኃኒቱን ያመክነዋል። በ0.9 በመቶ ሳላይን (የጨው ውኃ) አሟሙት። ኦክሳሊፕላቲን ተቃራኒው ነው፤ ክሎራይድ ስለሚያፈርሰው በውኃ ወይም በ5 በመቶ ግሉኮስ ይዘጋጃል። መድኃኒት አከፋፋዩ ሮቦት የሚቀበለው ዲኤምኤስኦ ብቻ ነው ተብሎ ሁለቱም አብረው ከተሟሙ ያ ፕሌት የባከነ ነው።

ጉበት የሚለውጣቸውንም አስቡ። ሳይክሎፎስፋማይድ ጉበት ካልነካው አይሠራም፤ ኦርጋኖይድ ላይ የሚሞከረው ነቅቶ የተዘጋጀው ዓይነት ነው። በኢሪኖቴካን ፋንታ ኤስኤን-38፣ በካፔሲታቢን ፋንታ ፍሉሮዩራሲል ይሞከራል።

ሚዲየሙም ከመድኃኒቱ ጋር ይታገላል። የተለመደው የአንጀት ሚዲየም 50 ናኖግራም በሚሊሊትር ኢጂኤፍ የተባለ የዕድገት ፕሮቲን አለው፤ የእርሱን ተቀባይ ኢጂኤፍአርን በሚዘጋ እንደ ሴቱክሲማብ ባለ መድኃኒት ስትሞክሩ ኢጂኤፉን አውጡት። 1.25 ሚሊሞላር አሴቲልሲስቴይንም አለው፤ ሰልፈሩ ፕላቲኑምን ይይዛል፣ የሲስፕላቲን ጉልበትም ይቀንሳል። የሚዲየሙ መሠረት በሆነው ኤፍ12 ውስጥ ያሉት ታይሚዲንና ሃይፖዛንቲን ደግሞ ሴሎቹን ከሜቶትሬክሴትና ከፔሜትሬክሴድ ያድኗቸዋል። "ተቋቋመ" የሚል ውጤት ስታዩ መጀመሪያ የሚዲየሙን ዝርዝር አንብቡ።

ከአምስት ቀን ገደማ በኋላ በሕይወት ያለ ሴል የሚይዘው ኤቲፒ ሉሲፈሬዝ የተባለ ኢንዛይም በሚያወጣው ብርሃን ይለካል። ፕሌቱ መጀመሪያ የክፍሉን ሙቀት ይያዝ፤ የሉሲፈሬዝ ሥራ በሙቀት ይለዋወጣል። ሪኤጀንቱን እኩል መጠን ጨምራችሁ ለ5 ደቂቃ አጥብቃችሁ አንቀጥቅጡት፤ ጄል ውስጥ ያለ ኦርጋኖይድ በቀላሉ አይፈርስም። ከዚያ 25 ደቂቃ ጠብቃችሁ አንብቡ። መድኃኒት የተጨመረ ዕለት አንድ የተለየ ፕሌት ማንበብም አትርሱ፤ ያ መነሻ ከሌለ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዕጢ መድኃኒት የተቋቋመ ይመስላል። ኤቲፒ ራሱም ሁሉን አይናገርም። ፓልቦሲክሊብ መባዛትን ያቆማል እንጂ ወዲያው አይገድልም፤ የቆሙት ሴሎች እየገዘፉ ኤቲፒያቸውን ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ ፎቶ አንሱ። እንደ ስታውሮስፖሪን ያለ ሁሉን የሚገድል መቆጣጠሪያ ይኑራችሁ፤ በእርሱና ባልታከመው መካከል ያለው ዚ-ፕራይም (ሁለቱ ምን ያህል ጠርተው እንደሚለያዩ የሚያሳይ ቁጥር) ከ0.5 በታች ከሆነ ሙከራውን ድገሙ፤ ቁጥሩን ለማዳን አትሞክሩ።

እዚህ ሥራ ላይ መሆናችሁ ሲታወቅ ከቤተሰብ ስልክ መምጣቱ አይቀርም፤ "ዕጢውን አሳድጋችሁ የሚስማማውን መድኃኒት ምረጡልን" ይባላል። ጥያቄው የጭንቀት ነውና በጥንቃቄ፣ በእውነትም መመለስ ይገባዋል። በ2018 የታተመ የጨጓራና የአንጀት ካንሰር ጥናት ኦርጋኖይዱ አይሠራም ያለው መድኃኒት በታካሚውም አለመሥራቱን መቶ በመቶ፣ ይሠራል ያለው ደግሞ መሥራቱን 88 በመቶ አሳይቷል፤ የታካሚዎቹ ቁጥር ግን ትንሽ ነበር። በ2019 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት ኢሪኖቴካን ላይ ተሳክቶለት፣ ፍሉሮዩራሲልና ኦክሳሊፕላቲን አብረው ሲሰጡ ግን መተንበይ አልቻለም። ኦርጋኖይዱ ብቻውን የደም ሥርም በሽታ ተከላካይ ሴልም ስለሌለው የደም ሥር ዕድገትን የሚገታው ቤቫሲዙማብና በሽታ ተከላካይ ሴሎችን የሚያነቃቃው ፔምብሮሊዙማብ በዚህ መንገድ አይፈተኑም። ማሳደጉም ሳምንታት ይወስዳል፤ የማያድግ ናሙናም አለ። ሕክምናውን ለዚህ ብላችሁ አዘግዩ አትበሉ።

ናሙና ልላክ ለሚል ደግሞ በፎርማሊን የተቀመጠ ወይም በፓራፊን ብሎክ የታሸገ ዕጢ እንደማያድግ ንገሩት፤ ሴሎቹ ሞተዋል። ብሎኩ ግን አይጣል። የሆርሞን ተቀባይ፣ የኸር-2 እና የሚውቴሽን ምርመራ የሚሠራው ከእርሱ ነው፤ ለሐኪሙ ዛሬ መድኃኒት ለመምረጥ የሚጠቅመውም ያ ውጤት ነው።