ሦስተኛው ሂተርም ተቃጠለ

ፍሪጁ ባለ ሁለት በር ኖፍሮስት (በረዶውን በሂተር ራሱ እያቀለጠ የሚሠራ) ነው፤ የአንድ ኬክ ቤት ክሬምና ወተት ማስቀመጫ። በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ሂተር በልቷል። የባለቤቷ ቅሬታ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ላዩ በረዶ ይሠራል፣ ታቹ ወተት ያበላሽብኛል።» ነገሩ ለሚያውቀው ግልጽ ነው። ኢቫፖሬተሩ (አየሩን የሚያቀዘቅዘው ቱቦ) በበረዶ ሲደፈን ፋኑ ቀዝቃዛውን አየር ወደ ታች መግፋት ያቅተዋል። የፍሪዘሩ የኋላ ክዳን ሲነሳ የታየውም ይኸው ነው፦ ኢቫፖሬተሩ ከላይ እስከ ታች ነጭ ግድግዳ ሆኗል፤ ከሥሩ ደግሞ መሐሉ የጠቆረ የመስታወት ሂተር ተጋድሟል።

ሂተሩን ቀይሮ መሄድ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ከዚህ በፊት የመጡት ሁለት ባለሙያዎችም እንደዚያው አድርገዋል። ጤነኛ ሂተር ግን ዓመታት ያገለግላል። በወራት ውስጥ ደጋግሞ ከተቃጠለ የሚያቃጥለው ሌላ ነገር አለ፤ እሱ ሳይገኝ አዲስ ሂተር መግጠም የደንበኛን ገንዘብ ማባከን ነው።

የሂተሩ መስመር ቀላል ነው። ታይመሩ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚገፋው ሞተር) በሚሠራበት ጊዜ ይቆጥራል፤ በዚህ ፍሪጅ 8 ሰዓት ሲሞላ ኮምፕሬሰሩን አጥፍቶ ለ20 ደቂቃ ያህል መብራቱን ወደ ሂተሩ ያዞራል። በመንገዱ ላይ ሁለት ጠባቂዎች በተርታ ገብተዋል። አንዱ ባይሜታሉ፣ በሙቀት የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ኢቫፖሬተሩ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል፣ ማለትም መብራት ያሳልፋል፤ በረዶው ቀልጦ ቱቦው ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ይከፍትና ሂተሩን ያጠፋል። ባይሜታሉ ካልከፈተ ደግሞ የሙቀት ፊውዙ አለ፤ ለዚህ ፍሪጅ የሚገባው 72 ዲግሪ የሚል ነው፤ አንዴ ከተቃጠለ አይመለስም።

ፊውዙ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ጥቁር ቴፕ በወፍራሙ ተጠቅልሏል። ቴፑ ሲላጥ ፊውዝ የለም፤ ሁለቱ ጫፎች በአንድ ቁራጭ ሽቦ ተጠማዘው ተገናኝተዋል። በላዩ ያለው የፕላስቲክ ግድግዳ የእጅ መዳፍ ያህል ቡናማ ሆኖ ተኮማትሯል። ፊውዙ በመጀመሪያው ብልሽት ጊዜ ሥራውን ሠርቶ ነበር ማለት ነው፦ ሙቀት በዛ ብሎ ራሱን ቆርጧል። መልእክቱን ማንበብ ሲገባ በሽቦ አፉን ዘጉት። ይህን ማንም ባለሙያ ለአንድ ቀንም ቢሆን ማድረግ የለበትም። ፕላስቲክና ፎም በተሞላ ሣጥን ውስጥ የመጨረሻውን ጠባቂ ማንሳት ቤት ማቃጠል ነው።

ፊውዙን ያቃጠለው ማን ነው? ባይሜታሉ ተነቅሎ በ24 ዲግሪ የክፍል ሙቀት በቴስተር ሲለካ ዜሮ ኦም አሳየ፤ ዝግ ነው ማለት ነው። በዚህ ሙቀት ክፍት መሆን ነበረበት። ላለመሳሳት ሌላ ፍሪዘር ውስጥ 20 ደቂቃ ቆይቶ ወጣ፤ በእጅ ሲሞቅም «ጠቅ» የሚል ድምፅ የለም፣ ቴስተሩም ከዜሮ አልተነቃነቀም። ውስጡ ተጣብቋል። ስለዚህ በረዶው ቀልጦ ካለቀ በኋላም ሂተሩ የታይመሩ ደቂቃ እስኪያልቅ ባዶ ኢቫፖሬተር ሥር ይግል ነበር፤ ያውም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ።

ሁለተኛው ጥፋት ዋት ነው። የፍሪጁ የኋላ ጽሑፍ የዲፍሮስት (የበረዶ ማቅለጫ) ሂተሩ 150 ዋት እንደሆነ ይናገራል፤ የተቃጠለው ሦስተኛ ሂተር ላይ ግን 200 ዋት ተጽፏል። በርዝመቱ ልክ ስለመጣ ብቻ ተገዝቷል። የኦሙ ስሌት የቮልቴጁ ስኩዌር ለዋት ሲካፈል ነው፦ በ220 ቮልት ላይ 150 ዋቱ 323 ኦም አካባቢ፣ 200 ዋቱ 242 ኦም ማሳየት አለበት። አዲስ ሂተር ሱቅ ውስጥ እያለ በቴስተር መለካት ከብዙ ጣጣ ያድናል፤ በተለይ ከውጭ አገር በሻንጣ ከመጣ፣ ምክንያቱም ለ110 ቮልት የተሠራ ሂተር 220 ላይ አራት እጥፍ ዋት ይጎትታል።

ሦስተኛው ጥፋት ማታ ነው የተገኘው። ሶኬቱ ቀን 221 ቮልት ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ በአካባቢው ያሉት ብረታ ብረት ቤቶች ከዘጉ በኋላ፣ 252 ደረሰ። በዚህ ቮልቴጅ 150 ዋቱ ሂተር ወደ 197፣ 200 ዋቱ ደግሞ ወደ 262 ዋት ይወጣል። መጠኑን ያለፈ ሂተር፣ የማያጠፋ ባይሜታልና የሌለ ፊውዝ አንድ ላይ ሲገናኙ ሁለት ወር መቆየቱም ብዙ ነው። (ቮልቴጁ ሌላ ዕቃ ሲበራ የሚጨምር ቢሆን ኖሮ የላላ ኒውትራል (የመመለሻ ሽቦ) ያስጠረጥር ነበር፤ ያንን ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ ማስተካከያ) አያድነውም፣ የላላው ሽቦ ጠብቆ መታሰር አለበት።)

ጥገናው እንዲህ ሆነ። 150 ዋት ሂተር፣ አዲስ ባይሜታል፣ አዲስ 72 ዲግሪ ፊውዝ። ባይሜታሉ የድሮው በነበረበት የቱቦ ቦታ ላይ ጠበቅ ብሎ ተቆነጠጠ፤ ወደ ሂተሩ ከተጠጋ ቶሎ ያጠፋና በረዶ ይተርፋል፣ ከቱቦው ርቆ ከተንጠለጠለ ደግሞ ይዘገያል። መስታወቱ በባዶ እጅ አልተነካም፤ የእጅ ቅባት ሲግል ቦታውን ያዳክመዋል። ከላዩ ያለው የአሉሚኒየም ጣራ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እሱ ከሌለ የሚንጠባጠበው ውኃ የጋለውን መስታወት ይሰነጥቀዋል። የፍሳሹ ቀዳዳ ተከፍቶ ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ወርዶበት ታየ። ሽቦዎቹ ተጠምዝዘው በቴፕ አልታሰሩም፤ እርጥበት ገብቶ ጫፉን ስለሚያቃጥል በማያያዣ ተጨብጠው በሙቀት በሚጠብቅ ላስቲክ ተሸፈኑ። ለፍሪጁም ስታቢላይዘር ተገጠመ።

የፍሪጁ ማቀዝቀዣ ጋዝ አር 600 ኤ ከሆነ አንድ ነገር ይጨመር፦ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሆነ የተገጠመለት ባለ ድርብ መስታወት ሂተር ከነበረ የሚተካው በዚያው ዓይነት ብቻ ነው። ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ባላቸው ፍሪጆች ደግሞ የታይመሩን ቦታ ሪሌይ (ቦርዱ የሚያዘው ማብሪያ ማጥፊያ) እና የሙቀት ሴንሰር ይይዛሉ። ኮምፕሬሰሩ እየሠራ በሂተሩ ጫፎች መካከል 220 ከተገኘ ሪሌዩ ተጣብቋል። የሴንሰሩ ኦም ከልኩ በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ቦርዱ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ስለሚያምን ሂተሩን ማጥፋት ያዘገያል።

ፍሪጁ አንድ ሌሊት ሠርቶ አደረ። ጠዋት ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካ) በሂተሩ አንድ ሽቦ ላይ ታስሮ የታይመሩ ብሎን በጠፍጣፋ መፍቻ ቀስ ተብሎ «ጠቅ» እስኪል ተዞረ። ኮምፕሬሰሩ ዝም አለ፤ ሜትሩ 0.68 አምፔር አነበበ፤ ውኃው በፍሳሹ መንጠባጠብ ጀመረ። በ13ኛው ደቂቃ ባይሜታሉ ከፈተና ንባቡ ዜሮ ሆነ። ታይመሩ ገና 7 ደቂቃ ይቀረው ነበር።