ሰርቨሩ በርቶ ለምን «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ይላል?

ሰርቨሩ ያለው ኮምቦልቻ፣ አንድ የመለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ነው። እኔ ደሴ ፒያሳ ሆኜ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ሰርቨር ላይ ገብቶ መሥሪያ መንገድ) ነው የምገባው። አንድ ጠዋት «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» (ግንኙነቱ ተከልክሏል) ብሎ መለሰኝ። ሐረጎን ቁልቁል ከመውረዴ በፊት ገንዘብ ያዧ ጋ ደወልኩ። «እትዬ፣ መብራት አለ?»

«አለ፣ አብሽር! ማሽኑም እየጮኸ ነው» አሉኝ።

መልእክቱም ይህንኑ ይጠቁም ነበር። ማሽኑ ጠፍቶ ወይም ፋየርዎሉ (ግንኙነት የሚያጣራው ፕሮግራም) ጥያቄዬን በዝምታ ጥሎት ቢሆን ኖሮ፣ ብዙ አስጠብቆ «ታይምድ አውት» ይል ነበር። ሪፊዩዝድ ግን ወዲያው የሚመጣ መልስ ነው፤ በር ላይ ዘበኛ ቆሞ «አይገባም» እንደሚለው። መጣራት ያለበት ዘበኛው ማን እንደሆነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ራሱ ነው፦ አገልግሎቱ ቆሟል ወይም ኤስኤስኤች የሚገባበት በር፣ ፖርት 22፣ ተቀይሯል። (ከኡቡንቱ 22.10 ወዲህ ፖርቱን የሚያዳምጠው ሶኬት የሚባለው ክፍል ስለሆነ፣ ፖርት ሲቀየር እሱንም ሪስታርት ማድረግ ያስፈልጋል። ይቺ ብዙ ሰው ታደክማለች።) አንዳንዴም መላሹ ራውተሩ ነው።

በስልኬ ዳታ ሞከርኩ። ሰተት ብዬ ገባሁ! አገልግሎቱም፣ ፖርቱም፣ ራውተሩም ደህና ናቸው ማለት ነው። የተከለከለው የቢሮአችን የኢንተርኔት (አይፒ) አድራሻ ብቻ ነው።

ከልካዩ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፌይልቱባን የሚባል የጥበቃ ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ። ካልቀየሩት በቀር፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ የይለፍ ቃል የሳተን አድራሻ ለ10 ደቂቃ ያግዳል። የእገዳው መልስ ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ሪፊዩዝድ ሆኖ ነው የሚታየው። ቢሮ ያለን ሁሉ በአንድ አድራሻ ስለምንወጣ፣ አንዱ ሲሳሳት ሁላችንም እንታገዳለን።

የመግቢያ መዝገቡን ሳይ የሚሳሳተው ለባክአፕ (ለመጠባበቂያ ቅጂ) የተከፈተው ተጠቃሚ ነበር። ጥግ ላይ የተረሳ አሮጌ ላፕቶፕ በተቀየረ የይለፍ ቃል በየጊዜው ያንኳኳል። መጀመሪያ እሱን አስቆምኩ፤ እገዳውን ቀድሜ ባነሳ መልሶ ያሳግደን ነበር። የቢሮውን አድራሻ ከእገዳ ነጻ አድርገው የሚሉ አሉ። የኛ አድራሻ ስለሚቀያየር አልተመቸኝም።

ላፕቶፑን በቁልፍ (በይለፍ ቃል ፈንታ በሚያገለግል የሚስጥር ፋይል) እንዲገባ አደረግኩና በይለፍ ቃል መግባትን ዘጋሁ። ስዘጋ አንድ መስኮት ክፍት ትቼ ነው በሌላ መስኮት የሞከርኩት። የተከፈተ ግንኙነት አገልግሎቱ ሪስታርት ሲሆን አይቋረጥም። የሆነ ነገር ቢበላሽ በዚያው አስተካክላለሁ፤ ኮምቦልቻ መውረድ አይጠበቅብኝም።