የደባርቅ ውርጭና የኮሮላዬ ካምቢዮ

ደባርቅ ያደርንበት ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ስንወጣ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጥቷል። አጎቴ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከጎኔ ተቀምጠዋል። ሊማሊሞን በከባድ መኪና ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ሹፌር ናቸው።

ወደ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረናል። ኮሮላዬ ኦቶማቲክ ናት። ትንሽ እንደሄድን ሞተሩ መጮህ ጀመረ። በደቂቃ 3 ሺህ ዙር ደርሷል፣ ማርሹ ግን አይቀየርም። ሌላ ጊዜ 2 ሺህ ላይ ይቀይራል። በዋዜማው ጠዋት ከጎንደር ስንነሳም እንዲሁ ሆና ነበር፤ ያኔ ዳገቱ ነው ብዬ አለፍኩት። ወደ ዳባት የሚወስደው መንገድ ግን ያን ያህል ዳገት የለውም። ደነገጥኩ። ካምቢዮ ማሠራት ምን ያህል ኪስ እንደሚያራቁት ያሠራ ያውቀዋል።

«ጋሼ፣ ካምቢዮው ሊበላሽ ነው መሰለኝ።»

«አይዞህ ልጄ፤ ዘይቱ አልሞቀም። ቤንዚኑን አትርገጠው፣ ቀስ ብለህ ሂድ።»

እውነታቸውን ነው። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ የሚቀይረው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ደግሞ በብርድ ይወፍራል። ጓዳ ያደረ ቅቤ ጠዋት ምን እንደሚመስል አስቡት። በጠባቦቹ ቀዳዳዎች ሲያልፍ ይዘገያል። ብዙ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩም ሆን ብሎ ያዘገያል፤ ዘይቱ ሞቅ እስኪል የመጨረሻውን ማርሽ አይሰጥም። የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ቶርክ ኮንቨርተርም አይቆልፈውም። እሱ እስኪቆለፍ ድረስ የሞተሩ ጉልበት በከፊል ዘይት በመናጥ ያልቃል። ቀዝቃዛ ሞተር በዚያ ላይ ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋል።

ደብተሬ ትዝ አለኝ። ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር እጽፋለሁ። ሚያዝያ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ትጠጣ የነበረች መኪና ታኅሣሥ ላይ ከ10 አልፋለች። እኔ የምጠረጥረው ነዳጁን ነበር። ለካ ጎንደር ውስጥ ጠዋት ልጆቹን ከማራኪ ፒያሳ የማደርስባት አጭር ጉዞ ናት! ዘይቱ ሳይሞቅ ሞተር አጠፋለሁ። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው፣ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ላይ የቤንዚን መኪና በአንድ ሊትር የሚሄደው መንገድ 25 ዲግሪ ላይ ከሚሄደው በ15 በመቶ ገደማ ያንሳል። ጉዞው 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ ቅነሳው እስከ 24 በመቶ ይደርሳል። ጎንደር እንዲያ አትቀዘቅዝም፤ የነገሩ አካሄድ ግን ያው ነው።

ደጃፍ ላይ አስነስቼ ሩብ ሰዓት ማቆሜም ከንቱ ነበር። መኪና ቆማ ስትሠራ ካምቢዮው እምብዛም አይሞቅም። አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በቀስታ መንዳት ነው።

ዳባትን ስናልፍ ፀሐይ ወጣች። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ማርሹ መቀየሩ እንኳ አይሰማም። አጎቴ አንቀላፍተዋል።

ጎንደር ስንገባ ነቁና «አሁን የካምቢዮውን ዘይት እይ፤ ሲሞቅ ነው የሚለካው» አሉኝ። ሞተሩን ሳላጠፋ መለኪያውን መዘዝኩ። ልኩ ላይ ነው፤ ቀይና ንጹሕ። አሸተትኩት፤ ቃጠሎ ቃጠሎ አይልም።