ድሪቶ የሰፋሁበት ክረምት

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉ አማቴ፣ መቀሱን በእጄ ሲያዩ። ፊት ለፊቴ ወለሉ ላይ የተዘረገፈው ከልብስ ሰፊ ለምኜ ያመጣሁት ቁርጥራጭ ጨርቅ ነበር። ምን ልሠራበት እንደሆነ ሲጠይቁኝ ሳላስብ «ድሪቶ» ብዬ መለስሁ። የክረምቱ የመጀመሪያ ስሕተቴ ይህች ቃል ናት። ለእኔ ድሪቶ ማለት በቀለም በቀለሙ ተጋጥሞ የተሰፋ ደስ የሚል የአልጋ ልብስ ነው። ለእርሳቸው ግን ሰው ሌላ የሚለብሰው ሲያጣ በመጣፊያ ላይ መጣፊያ እየደረበ የሚለብሰው ነው። «ድሪቶ ለባሽ» ስድብ በሆነበት አገር ያደጉ ሴት ናቸው፤ የልጃቸው ሚስት፣ ያውም ደመወዝተኛ፣ ድሪቶ ልስፋ ስትል ምን ይበሉ? «ጎረቤት አይስማሽ» ብለው ወደ እንዝርታቸው ተመለሱ።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ዝግ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ክረምቷ ሰውን ቤት ያስቀምጣል፤ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ ደግሞ ቤት የተቀመጠውንም አይምርም። ልብስ ሰፊዎች ግን ሥራ የሚበዛባቸው በዚሁ ጊዜ ነው። ለመስከረም የተማሪዎች የደንብ ልብስ ይሰፋል፤ ከየሱሪውና ከየሸሚዙ መዳፍ የሚያህል፣ አንዳንዴም ክንድ የሚሞላ ቁራጭ ይወድቃል። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ይህን ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ በነጻ ሰጠኝ።

የሰጠኝ ጨርቅ ብቻ አልነበረም። ከአንዱ ቁራጭ ክር መዝዞ በክብሪት ለኮሰው፤ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ሆነ። ከሌላው መዞ ለኮሰ፤ ቀለጠና ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ሠራ። «የመጀመሪያው ጥጥ ነው፣ ሁለተኛው አይደለም። እነዚህን አይቀላቅሏቸው መምህርት፤ ካውያ ላይ ይጣላሉ» አለኝ። ሰማሁት፣ ግን ያ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም አጓጓኝና ጥቂት ቀላቀልሁ። ካውያዬ ግርጌ ላይ የተጣበቀውን ቅላጭ ስፍቅ አንድ ከሰዓት በኋላ አለፈ። ጥጥ ጥጡን ለይቼ አጠብሁ፤ ጥጥ ውኃ ሲነካው ስለሚሰበሰብ ከመቁረጥ በፊት ማጠብ ግድ ነው። ቀዩን ለብቻው ማጠብ እንዳለብኝ ያወቅሁት ደግሞ ነጩ ሁሉ ሮዝ ከሆነ በኋላ ነው።

ከዚያ መቁረጥ ጀመርሁ። በካርቶን ልክ አውጥቼ በእርሳስ እየከበብሁ እቆርጣለሁ፤ ስገጥማቸው ግን ማዕዘን ከማዕዘን አይገናኝም። ሦስት ጊዜ ፈታሁ። አማቴ ከጥግ ሆነው እየፈተሉ ያዩኛል፣ አይናገሩም። በአራተኛው ቀን አልቻሉም መሰለኝ፣ እንዝርቱን አስቀምጠው መጡና አንዱን ቁራጭ አነሡ። «ይህ በምኑ ተቆረጠ?» አሉ። በካርቶን አልኋቸው። «ካርቶኑን ተዪው። ድሩ ወዴት ይሄዳል?»

ጨርቁን በቁመቱ፣ በድሩ በኩል ሳቡት፤ አልተንቀሳቀሰም። በማጉ በኩል ሳቡት፤ ትንሽ ሰጠ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲስቡት እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። እኔ ቁራጭ እንዳላባክን ብዬ ካርቶኑን በተመቸኝ አቅጣጫ እያጋደምሁ ስቆርጥ፣ ግማሾቹ ጠርዞች በዚህ በሚለጠጠው በኩል ወድቀው ነበር። ገና ስሰፋቸው ይረዝማሉ። አማቴ ከጨርቁ ጫፍ አንዲት ክር በጥፍራቸው ይዘው ቀስ እያሉ መዘዟት። ክሯ ስትወጣ ጨርቁ ላይ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ ፈለግ ቀረ። «በዚህ ላይ ቁረጪ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ እርሳስ አልያዝሁም። ዩኒቨርሲቲ ስለ ቀጥታ መስመር ብዙ ተምሬአለሁ፤ ጨርቅ የራሱን መስመር በውስጡ ይዞ እንደሚመጣ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ይህን ያህል የረዱኝ ሴት ግን ሥራውን ወደዱት ማለት አይደለም። «ቆርጦ መልሶ መስፋት!» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

የፍልሰታ ጾም ሲገባ ወጥ ቤቱና ስፌቱ ተጋጩ። መኪናዬ የእግር መኪና ናት፣ መብራት ቢጠፋም ትሠራለች። እንደ እኔ «ይህችን ረድፍ ልጨርስ» ለሚል ሰው ይህ መልካም ዜና አይደለም። ያቺን ረድፍ ስጨርስ የሸክላው ድስት ሽሮ ሥሩ ከሰል ሆኖ ጠበቀኝ። በማግስቱ ረድፉን አቋርጬ የድንች አልጫ ላማስል ሮጥሁ፤ አልጫው አላረረም፣ ግን በእርድ በቆሸሸ እጄ ለገበር ያዘጋጀሁትን ነጭ አቡጀዲ ያዝሁት። አምስቱም ጣቶቼ ታተሙበት።

እንደ ደነገጥሁ በልብስ ሳሙና ፈተግሁት። ቢጫው ደም መስሎ ቀላ! እርድ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ ወደ ቀይ እንደሚለወጥ አላውቅም ነበር። ሳሙናውን በብዙ ውኃ ካለቀለቅሁ በኋላ ተመልሶ ቢጫ ሆነ፣ ግን አልለቀቀም። አማቴ መጥተው አዩና «ለፀሐይ ስጪው፤ እርድን ፀሐይ ነው የሚበላው» አሉ። ነሐሴ ላይ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፀሐይ ከወዴት ይምጣ? እድፉን እንደያዘ አጥፌ አስቀመጥሁት።

አቡጀዲው የእርሳቸው ነበር፤ ጣቃውን ከሳጥን ሲያወጡ «የጣሊያን ካሳ ነው» ብለውኛል። ቀልድ መስሎኝ ነበር። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ የተተከለው ጣሊያን ለጦርነቱ በከፈለችው ካሳ መሆኑን ከእኔ ይልቅ ፊደል ያልቆጠሩት አማቴ ያውቁታል።

በዚያው ጾም ከዳንግላ ዘመድ ግብጦ ላከልን። ከተማ ያደገ ሰው ግብጦን የሚያውቀው ተዘጋጅቶ ሲቀርብለት ነው፤ ቆርጥሞ ይሄዳል። ጥሬው ግን እጅግ መራራ ነው፤ መራራነቱም ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ በደንብ ሳይለቅ የበላው ሰው ይታመማል። መጀመሪያ ይቆላል፣ ከዚያ ይዘፈዘፋል። ገጠር ላይ በከረጢት አስረው ወንዝ ውስጥ ይተዉታል፤ የሚፈስ ውኃ ምሬቱን ይዞ እየሄደ ለቀናት ያጥበዋል። እኔ ወንዝ የለኝም፣ ባልዲ አለኝ። ባልዲ ውስጥ ያለ ውኃ ደግሞ ምሬቱን ከተቀበለ በኋላ መልሶ ግብጦውን ይነክረዋል፤ ስለዚህ መለወጥ ያስፈልጋል። ቧንቧችን በፈረቃ ስለሚመጣ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል አጠራቅሜ፣ ጠዋትና ማታ እለውጥ ጀመር፤ የመጨረሻውን ብቻ በቧንቧ ውኃ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ፍሬ ቀመስሁና ምላሴ እስኪደነዝዝ መረረኝ፤ ተፋሁት። አማቴ የሳቁት ሳቅ እስከ ጎረቤት ተሰማ። «ግብጦና አማት ቶሎ አይለቁም» አሉ፤ ተረት ይሁን እዚያው የፈጠሩት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። በሰባተኛው ቀን ለቀቀ። ልጣጩን ፈልፍለን ጨው ነስንሰን ስንበላ፣ ድካሙን የማያውቀው ባለቤቴ በእፍኝ በእፍኙ ጨረሰው።

ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ ስፌቱ ስለማይታይ መኪና ላይ መስፋት አይቻልም፤ ሹራብ ግን በዳሰሳም ይሠራል። ለአምስት ዓመቱ ልጄ ጀመርሁለት። ደረቱ 55 ሳንቲሜትር ነው፤ ከሸሚዝ በላይ እንዲለበስ 60 አልሁ። ጎረቤቴ በዚያው ክርና በዚያው መርፌ በ10 ሳንቲሜትር 22 ቀለበት እንደምትቆጥር ነገረችኝ። ስድስት ጊዜ 22፣ 132። ቀላል ሒሳብ ነው። ጀርባውንና ደረቱን ጨርሼ ስገጥመው ልጄ ራሱን አስገባ፣ ከዚያ ትከሻው ላይ ቆመ። ለካሁት፤ 51 ሳንቲሜትር። የእኔን ቀለበቶች ስቆጥር በ10 ሳንቲሜትር 26 ሆኑ።

ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው እጁ ነው። ጎረቤቴ ቡና እየጠጣች፣ እየተጫወተች፣ ክሩን ዘና አድርጋ ትሠራለች። እኔ በሻማ ብርሃን ትንፋሼን ይዤ እጎትተዋለሁ። ከመጀመሬ በፊት መዳፍ የምታህል ሙከራ ሠርቼ ብቆጥር ኖሮ በአንድ ምሽት ባወቅሁት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፈታሁት። የተፈታ ክር እንደ ተሾረበ ጸጉር ይጠቀለላል፤ እንደዚያው ቢሠራበት ሹራቡ ይጎረብጣል። በጥቅል በጥቅሉ አስሬ፣ ነክሬ፣ ከሥሩ ቀለል ያለ ክብደት አንጠልጥዬ አደረቅሁት። በራሴ ቁጥር 156 ቀለበት አድርጌ እንደገና ጀመርሁ። ልጄ አሁን ይለብሰዋል፤ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል፣ የዚያ ምክንያት ግን መቁጠር መርሳቴ ነው፣ ምንም ጥበብ የለውም።

ወደ ድሪቶው ልመለስ። ቁራጮቹ 15 በ15 ሳንቲሜትር ነበሩ፤ በወርድ 12፣ በቁመት 14፣ በጠቅላላው 168። 12 ጊዜ 15፣ 180፤ 14 ጊዜ 15፣ 210። ለአልጋችን ልክ ነው ብዬ ነበር። የቡሄ ለት የመጨረሻውን ረድፍ ገጥሜ፣ ሙልሙል ፍለጋ የመጡት ልጆች በር ላይ እየጨፈሩ፣ አልጋው ላይ ዘረጋሁት። አጠረ። በወርድም በቁመትም አጠረ። ለስፌት ከየጎኑ አንድ አንድ ሳንቲሜትር እንደሚገባ ረስቼ ነበር፤ 15 ሲሰፋ 13 ነው። የወጣልኝ 156 በ182። ይህን የሠራው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቢሆን በቀይ «ጥያቄውን በደንብ አንብብ» ብዬ እጽፍበት ነበር። ባለቤቴ ከሥሩ ገብቶ እግሩ ሲቀር ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሁለት ቀን ፊቴን አጥቁሬ ከረምሁ።

በሦስተኛው ቀን አማቴ ሳጥናቸውን ከፍተው አንድ ጥቅል አወጡ። ሲፈቱት ጥለት ነው፤ ካረጁ ነጠላዎችና ቀሚሶች ለዓመታት እየፈቱ ያኖሩት፣ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ የደበዘዘው ወርቅማ። ሸማው አልቆ ጥለቱ የቀረ ነው። «መጣል ከበደኝ» አሉ፣ ዐይኔን ሳያዩ። ቁርጥራጭ በመልቀሜ ወር ሙሉ ሲሳለቁብኝ የነበሩት ሴት! ምንም አላልሁም። ከአቡጀዲ 14 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ዙሪያ ቆረጥሁ፤ በዚህ ጊዜ ለስፌት የሚገባውን አስቤአለሁ፣ ተሰፍቶ 12 ይሆናል። ጥለቱን በላዩ ላይ ሰፋነው። 180 በ206 ሆነ።

ለመሐሉ ጥጥ ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው የሰጡኝም እርሳቸው ናቸው። የተነደፈ ጥጥ እንደ ደመና ነው፣ ግን በስፌት ካልተያዘ ይሸሻል። ይህን ያወቅሁት አስቀድሜ በትራስ ልክ በሠራሁት ሙከራ ነው። በ13 ሳንቲሜትር ርቀት ብቻ ሰፍቼ ሳጥበው ጥጡ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ሄዶ እንደ ድንች ተቋጠረ። ስለዚህ ትልቁን በየስድስት ሳንቲሜትር ገደማ፣ ፊቱን፣ ጥጡንና ገበሩን አንድ ላይ እያያዝሁ በእጅ ሰፋሁት። ዐሥራ ስምንት ምሽት ፈጀ። አንዳንዱን ረድፍ አማቴ ሰፍተውልኛል። የእርሳቸው ስፌት ከእኔ ስለሚያንስና ስለሚቀና ከሩቅ ይታወቃል፤ እንዳልፈታው ደጋግመው አስጠንቅቀውኛል።

መስከረም ፀሐይ ሲወጣ ገበሩን ወደ ላይ አድርጌ አጥር ላይ ዘረጋሁት። አምስቱ የእርድ ጣቶች በሦስት ቀን ደበዘዙ፤ አሁን የአውራ ጣቷ ብቻ፣ ለሚያውቅ ሰው፣ በጥቂቱ ትታያለች።

ለመስቀል ከቢቸና እንግዶች መጡብን። ከጓዳ ስመለስ አልጋው ላይ ሌላ ነገር የተነጠፈ መሰለኝ። ቀረብ ብዬ አየሁት፤ ድሪቶው ተገልብጧል። ነጩ አቡጀዲ ወደ ላይ ሆኖ፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ታጥፎ ጥለቱ ብቻ ዙሪያውን ይታያል። አማቴ ከእንግዶቹ ጋር ቡና ይጠጣሉ፣ ወደ እኔ አያዩም። እንግዶቹ ሲሄዱ መልሼ ገለበጥሁት። በማግስቱ ጠዋት አቡጀዲው እንደገና ወደ ላይ ነበር። እስከ ዛሬ እርሳቸው ይገለብጡታል፣ እኔ እመልሰዋለሁ።